የአያትህ ላንድ ሮቨር የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው የምኖረው። አያቴ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ከሳቸው የቀረ ላንድ ሮቨር ግቢያችን መጋዘን ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ቆሟል። ቤተሰቡ ጣልያን ትቶት የሄደ ነው ይላል። ሊብሬው ላይ ደግሞ ሞዴል 1958 ተብሎ ተጽፏል። አያቴ ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ከመኪናው ጋር የተነሱት ፎቶ ስላለን ከመኪናው ፎቶዎች ጋር ልኬልዎታለሁ። አጎቴ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ገጥመን እንንዳው ይላል። አንድ ሰው በብረት ዋጋ ልግዛችሁ ብሎናል። ለመሆኑ መኪናው የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ቢነሳስ ያዋጣል?»

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ አደራ። ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ማንም ባትሪ እንዳያስርበት፣ ማንም ገፍቶ ሊያስነሳው እንዳይሞክር። አጎትህንም ጨምሮ። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ጣልያን ትቶት የሄደ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ጣልያን ጅማን የለቀቀው ሰኔ 1933 ነው። ላንድ ሮቨር የሚባል መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው አምስተርዳም ላይ ነው፤ በፈረንጅ ኤፕሪል 30 ቀን 1948፣ በእኛ ሚያዝያ 22 ቀን 1940። ጣልያን ሲወጣ እንግሊዞቹ ገና አላሰቡትም ነበር። ጅማ ውስጥ እኮ ያረጀ ነገር ሁሉ «የጣልያን» ነው። ሕንጻው፣ ድልድዩ፣ የበሩ ማጠፊያ ሳይቀር። በዚያ ዘመን ከተማዋ የአንድ ሰፊ ግዛት መቀመጫ ስለነበረች ብዙ ሠርተውባታል፣ ስለዚህ ልማዱ አይገርምም። ለዚህ መኪና ግን አይሠራም።

ዋናው ቁም ነገር ሊብሬው ላይ ያለው 1958 ነው። በማን አቆጣጠር? አሮጌ ሊብሬ ላይ ሁለቱም ያጋጥማል። ፋብሪካው ያወጣበትን ዓመት በፈረንጅ የጻፈ ጸሐፊ አለ፤ በእኛ የጻፈም አለ። ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው። ለሌላ መኪና ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለላንድ ሮቨር ግን ሌላ መኪና ማለት ነው። በፈረንጅ 1958 ከሆነ የመጀመሪያው ሲሪስ፣ ማለት የመጀመሪያው የላንድ ሮቨር ትውልድ፣ አብቅቶ ሲሪስ ቱ የተተካበት ዓመት ነው። በእኛ 1958 ከሆነ በፈረንጅ 1965 መጨረሻ ወይም 1966 ይሆናል፤ ያኔ ይሠራ የነበረው ሲሪስ ቱ ኤ ነው። ቱ ኤ በፈረንጅ ከ1961 እስከ 1971 ወጥቷል።

ወረቀት ሲያከራክር ብረቱን መጠየቅ ነው። ከላክልኝ ፎቶዎች የሚታየውን ልንገርህ።

የፊት መብራቶቹ መሃል ላይ፣ ከራዲያተሩ ፊት ካለው ወንፊት ግራና ቀኝ ናቸው። ወደ ፓራፋንጎው፣ ማለት ወደ ጎማ መሸፈኛው፣ የወጡት በፈረንጅ 1968 እና 1969 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ወንፊቱም የብረት ሽቦ ነው። የሲሪስ ስሪ ወንፊት ፕላስቲክ ስለሆነ እሱ ወጣ። ጌጆቹ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ናቸው፤ ይህም ያንኑ ይደግፋል። ከበሩ መስኮት በታች ያለውን ጎን ደግሞ ልብ በል። ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ትከሻ አለው። የመጀመሪያው ሲሪስ እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ ነበር፤ ትከሻው የመጣው ከሲሪስ ቱ ጋር ነው።

ከሁሉም በላይ ዓይኔን የሳበው መሪው ነው። በግራ ነው። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ምስክር ነው። ጣልያን መንገዱን በቀኝ ይዞ ይነዳ ነበር። እሱ ከወጣ በኋላ አገሩ በእንግሊዝ ልማድ መንገዱን በግራ ይዞ መንዳት ጀመረ። ወደ ቀኝ የተመለስነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነው። ከዚያ በፊት የመጡት ላንድ ሮቨሮች መሪያቸው በቀኝ ቢሆን አይገርምም፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ለሚገዛ ሰው ግን የግራ መሪ ነው የሚታዘዘው። 1958 በእኛ ከሆነ ከለውጡ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ልክ ይገጥማል።

ማሰሪያው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ጋቢናው ውስጥ ያለው ሰሌዳ በ254 ጀምሮ በላቲን ፊደል እንደሚያልቅ በፎቶህ ይነበባል። 254 ማለት ቱ ኤ፣ ረጅሙ ዓይነት፣ ቤንዚን፣ ለውጭ አገር የተላከ፣ መሪው በግራ ማለት ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ዓመት አትናገርም። ፋብሪካው ዕቃ በለወጠ ቁጥር የምትቀየር ምልክት ናት። ረጅሙ መሆኑን ለማረጋገጥ ሜትር ያዝና ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ለካ። 2 ሜትር ከ77 ገደማ መምጣት አለበት። አጭሩ 2 ሜትር ከ23 ነው።

ሰሌዳውን ብቻ ግን አትመን። በትንንሽ ሪቬት የተያዘ ነው፤ ከአንዱ ተነቅሎ ሌላው ላይ ሊመታ ይችላል። ያው ቁጥር ሻንሲው ላይ ተቀጥቅጧል። በስተቀኝ በኩል የፊት ባሌስትራው፣ ማለት ጎማውን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ከሻንሲው የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ፈልገው። ጭቃና ግራሶ ሸፍኖታል። በናፍጣ አርጥበህ በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፣ ሲደርቅ ጠመኔ አሽበት። ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይነበባል። በመፍጫ እንዳትነካው። ቁጥሩን ከፋቀው ትራንስፖርት ቢሮ ስትሄድ መከራህን ታያለህ።

እንግዲህ መኪናው ሲሪስ ቱ ኤ ነው፤ ሊብሬው ላይ ያለው 1958ም በእኛ አቆጣጠር ነው። ትክክለኛውን ቀን ከፈለግክ እንግሊዝ አገር ጌይደን የሚገኘው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ማኅደር የሻንሲ ቁጥሩን ስትልክለትና ክፍያውን ስትከፍል መኪናው የተሠራበትን ቀንና መጀመሪያ የተላከበትን አገር የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጥሃል። እኔ ብሆን ከማንኛውም የሞተር ሥራ በፊት እሱን ነበር የማስመጣው።

አሁን ወደ ፎቶው። እውነቱን ለመናገር ከመኪናው ይልቅ ያቆየኝ እሱ ነው።

አውሮፕላኑን መለየት ቀላል ነው። ሁለት ሞተር አለው፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ጅራቱ በትንሽ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ዲሲ 3 ነው፤ የጦር ሠራዊቱ ስሪት ሲ 47 ይባላል፣ ብዙ ሰው ዳኮታ ይለዋል። በስተግራ ከኋላ ያለው ሰፊ የዕቃ በር ሲ 47 መሆኑን ይጠቁማል። ይህም የጣልያን ሊሆን አይችልም። በጣልያን ጊዜ ሰማያችን ላይ ይዞሩ የነበሩት ካፕሮኒ 133 እና ሳቮያ ማርኬቲ 73 ሦስት ሦስት ሞተር ነበራቸው፤ አንዱ አፍንጫው ላይ። አሮጌ ፎቶ እጅህ ሲገባ መጀመሪያ ሞተር ቁጠር። ብዙ ክርክር እዚያው ያልቃል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በእነዚህ ሲ 47ዎች ነው። አሜሪካኖች ከጦርነቱ የተረፏቸውን ነው የሸጡለት፤ አስተዳደሩንም ያኔ ቲ ደብሊው ኤ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ይዞት ነበር። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ ሄደ። ቀጥሎ ከተከፈቱት መካከል ጅቡቲና ኤደን አሉበት፤ ከአገር ውስጥ ደግሞ ጅማ። ለምን ጅማ? ቡና ነዋ! በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተሳፋሪው ግድግዳውን ተደግፎ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጥ ነበር፤ ዕቃው መሃል ላይ ይታሰራል። እናንተ ዛሬ ከአባ ሰጉድ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታችሁ ሻይ ሳትጨርሱ አዲስ አበባ የምትገቡ ልጆች ይህን አስቡት።

ግን ዲሲ 3 መሆኑ ብቻ ፎቶው የመቼ እንደሆነ አይነግረንም። እነዚያ አውሮፕላኖች ለአሥርት ዓመታት በረዋል። የሚነግረን ከኋላ በኩል የተጻፈው የመመዝገቢያ ምልክት ነው። በፎቶህ «ኢ ቲ»፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ እንደገና «ቲ» ይነበባል፤ ቁጥሩን የአያትህ ባርኔጣ ሸፍኖታል። ይህ የድሮው አጻጻፍ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 1952 ከቡልቂ ወደ ጅማ ሲመጣ ከጅማ ወዲያ ተራራ ላይ ወድቆ ፓይለቱ የሞተበት ሲ 47 ምልክቱ «ኢ ቲ ቲ 18» ነበር። በዕድሜ የገፉ የጅማ ሰዎችን ብትጠይቅ የሚያስታውሱት አይጠፉም። በ1955 የመጡት የመጀመሪያዎቹ ጄቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹ፣ ምልክታቸው በፊደል ብቻ ነበር፤ «ኢ ቲ ኤ ኤ ጂ» እና «ኢ ቲ ኤ ኤ ኤች»። ዛሬም የምናየው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ነው። ስለዚህ ፎቶህ ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት የተነሳ ነው ብል አልሳሳትም፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የማይገጥመው። መጋዘን ያለው መኪና የ1958 ነው። ታዲያ ገና ካልተሠራ መኪና ጋር እንዴት ፎቶ ተነሱ?

ፎቶው ላይ ያለውን መኪና እንደገና አየሁት። አያትህ በሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከበስተኋላቸው በመኪናው መስኮት በኩል መሪው ይታያል። መሪው በቀኝ ነው። ፎቶው ሲታጠብ ተገልብጦ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ፤ ይህ በአሮጌ ፎቶ የተለመደ ጣጣ ነው። ግን አውሮፕላኑ ላይ ያሉት ፊደላት ቀጥ ብለው ስለሚነበቡ አልተገለበጠም። የመኪናው ጎን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው። ትከሻ የለውም። የመጀመሪያው ሲሪስ ነው።

አያትህ ሁለት ላንድ ሮቨር ነበራቸው ወዳጄ። ወይም አንዱ የሌላ ሰው ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ቀድሞ የመጣው ነው፤ መጋዘን ያለው ተተኪው። የቤተሰቡ ወግ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። «ድሮ ገና አውሮፕላን ሲመጣ የነበረ መኪና» የሚለው ወሬ ለመጀመሪያው እውነት ነው። ሲወርድ ሲወራረድ ቆሞ ወዳለው ተዛወረ፤ ከዚያ «ድሮ» ጣልያን ዘንድ ደረሰ። የመጀመሪያው የት እንደገባ በሕይወት ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቅ። ልጆቻቸውን ብቻ ሳይሆን ሹፌራቸውን፣ ረዳታቸውን፣ ከተገኙ። ነጋዴ መኪና ሲያረጅበት ብዙ ጊዜ ለገጠር ወኪሉ ነው የሚሸጠው። አጋሮ ወይም ቦንጋ አንድ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮበት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነጋዴ ላንድ ሮቨር ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘቱም እንዲሁ አይደለም። የጅማ መንገድ በጣልያን ጊዜ ተሠራ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን የሚጠግነው አጥቶ ተጎሳቆለ። አውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ነው፣ በዓለም ባንክ ብድር። የአዲስ አበባው መንገድ እያደር ቢሻሻልም ከጅማ ወዲያ፣ ወደ ከፋና ወደ ማጂ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው በቅሎም ያሰምጥ ነበር። አየር መንገዱ ቡልቂ፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ እያለ ሣር ሜዳ ላይ ያርፍ የነበረው ለዚህ ነው። ገንዘብ ያለው ነጋዴ በአየር የመጣውን ተቀብሎ፣ አራቱም ጎማ በሚጎትት መኪና ወደ ውስጥ ይገባል። ከባዱ ጭነት የፊያት ነበር፤ በኋላ ኤንትሬ የሚባሉት የፊያት የጭነት መኪኖች ነገሡበት። እነሱ ራሳቸውን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ ማስነሳቱ።

20 ዓመት የቆመ ሞተር ውስጥ የፒስተን ፋሻዎቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። በባትሪ ወይም በመግፋት በግድ ስታዞረው ፋሻው ይሰበራል፣ ወይም ሲሊንደሩን ይቧጭራል። በአንድ ደቂቃ ጉጉት የዓመት ሥራ ታተርፋለህ። መጀመሪያ አራቱን ካንዴላ፣ ማለት ሲሊንደሮቹ ውስጥ እሳት የሚሰጡትን፣ ፍታ። በየቀዳዳው ሁለት ሦስት ማንኪያ የሞተር ዘይት ከትንሽ ናፍጣ ጋር ቀላቅለህ ጨምር፤ ጨርቅ ወትፍበትና ሳምንት ያህል ተወው። ከዚያ ማርሹን ባዶ አድርገህ በማኖቤላ፣ ማለት ሞተሩን በእጅ በሚያዞረው ብረት፣ ቀስ ብለህ ሞክር። ይህ መኪና ፊት ለፊቱ የማኖቤላ ቀዳዳ አለው፤ የዛሬ መኪና የሌለው ጸጋ ነው። ከዞረ እሰየው። እምቢ ካለ ዘይቱን ጨምረህ ጠብቅ። አሁንም እምቢ ካለ ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ይወርዳል እንጂ በመኪና አይጎተትም።

ማኖቤላ አያያዝ ልንገርህ፣ ዛሬ የሚያውቀው ሰው አንሷል። አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርገው፤ ብረቱን ዙሪያውን አትጨብጥ። ከታች ወደ ላይ ሳብ እንጂ ከላይ ወደ ታች አትጫን። ካንዴላው ገብቶ እሳት ሲኖር ሞተሩ ወደ ኋላ ሊመልስብህ ይችላል። ያን ጊዜ አውራ ጣቱን በተቃራኒ ያደረገ ሰው አንጓው ይሰበራል።

ሞተሩ ከዞረልህ አሮጌውን ዘይት አውጣ። ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቷል፤ ቁምና አስብ። ንጹሕ ከሆነ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ አስገባ። ካንዴላዎቹ እንደወጡ በማኖቤላ ደጋግመህ አዙር፣ ዘይቱ ላይ ይድረስ። የአየር ፊልትሮው ወረቀት የለውም፤ ከሥሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ነው። እሱን ክፈት። በጅማ መጋዘን ውስጥ አይጥ ወይም ተርብ ቤት ሳይሠራበት አይቀርም። የጭስ ማውጫውንና ማርሚታውንም እንደዚያው እይ።

የድሮ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጧል። ከሰርባቶዮው፣ ማለት ከወንበሩ ሥር ካለው የቤንዚን ማጠራቀሚያ፣ ሙሉ በሙሉ አውጣው። ለመጀመሪያው ሙከራ ሰርባቶዮውን እርሳው፤ ከትንሽ ጀሪካን ንጹሕ ቤንዚን አጠጣው። የቤንዚን ፖምፓው ላይ የመስተዋት ኩባያ አለ፣ ውስጡን ታያለህ። የፖምፓው ላስቲክ ከደረቀ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይት ያስገባል። በዘይት መለኪያው ላይ ቤንዚን ከሸተተህ ወዲያው አቁም። ሰርባቶዮው ቢያንጠባጥብ ደግሞ ባዶ ነው ብለህ ብየዳ ቤት እንዳትወስደው። ባዶው ነው የሚፈነዳው።

የባትሪው ነገር ብዙ ሰው አክስሯል። በዚያ ዘመን ከወጡት ብዙዎቹ ላይ ወደ ሻንሲው የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። የዛሬ ኤሌትሪሺያን እጁ እንደለመደው ኔጌቲቩን ከአካሉ ጋር ያስራል፣ ከዚያ ዲናሞው ሲቃጠል ሁሉም ይገረማል። አሮጌውን የባትሪ ገመድ ተከተል። ወደ ሻንሲ የሚሄደው በየትኛው ምልክት እንዳለቀ አይተህ ፎቶ አንሳው፤ ከዚያ ነው ባትሪ የሚገዛው። ፑንቲናው፣ ማለት ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄደውን እሳት የሚያቋርጠው መገናኛ፣ ዝጎ ስለሚሆን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጥረገው፤ ክፍተቱ 0.35 እና 0.40 ሚሊ ሜትር መካከል ይሁን። ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ሊድ የሌለው ቤንዚን ቫልቩን ይበላል ብለው ያስፈራሩህ ይሆናል። እንደ አያትህ ዘመን ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሞተር ብዙ አያሳስብም፤ የቫልቭ ክፍተቱን አልፎ አልፎ መለካት ይበቃል።

ሞተሩ ቢነሳ ደስ ብሎህ ወደ አጂፕ ይዘኸው እንዳትወርድ! ፍሬኑ ገና ነው። የዚህ መኪና ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው። ዛሬ ያሉት መኪኖች አንዱ ቢፈስ ሌላው ይይዛል፤ እዚህ አንዲት ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ጎማ ላይ አይደለም፤ ከካምቢዮው ኋላ የሚሽከረከረውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ለማቆሚያ እንጂ ለቁልቁለት አልተሠራም። ስለዚህ ዋናው የፍሬን ፖምፓ፣ የአራቱም ጎማ ትንንሽ ፖምፓዎች፣ ላስቲክ ቱቦዎቹ፣ ሁሉም ይቀየራሉ። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ትክክለኛ የፍሬን ዘይት ብቻ ተጠቀም፤ የሞተር ዘይት ጠብ ያለበት እንደሆነ ጎሚኒዎቹ፣ ማለት የፖምፓዎቹ የውስጥ ላስቲኮች፣ ያብጣሉ። ጎማዎቹ ጥርስ ቢኖራቸውም 20 ዓመት የቆሙ ናቸውና ከነካላማዳሪያቸው ይቀየሩ። ከወልቂጤ ወደ ግቤ የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አካሉን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አለ። ማግኔት ያዝና በሩ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ ለጥፍ። አይያዝም። አሉሚኒየም ነው። ያን ሁሉ የጅማ ክረምት ችሎ የቆየው ለዚህ ነው። ሻንሲው ግን ብረት ነው፣ የንፋስ መስተዋቱን የሚሸከመው ግድግዳም ብረት ነው። የሚበሰብሰው እዚያ ነው። ከሥር ገብተህ በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ አድርገው። ጤነኛው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። የባሌስትራ ማሰሪያዎቹንና የመጨረሻውን ተሻጋሪ ብረት ደህና አድርገህ እይ፤ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርግ። ካቻቢቴው ከገባ እዚያ ቦታ አዲስ ብረት ይበየዳል። አሉሚኒየሙን ግን በተለመደው የብረት ብየዳ ማንም እንዳይነካው፤ ይቀልጣል። በሪቬት ይሠራል። ብረትና አሉሚኒየም በተገናኙበት ነጭ ዱቄት ታያለህ፣ ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ። ስታስር መሃላቸው ላስቲክ ወይም ቀለም አስገባ።

ስለ ቀለሙ የምለምንህ ነገር አለ። በግራው በር ላይ በደበዘዘ ነጭ ቀለም ፊደላት ይታያሉ፤ «ቡና» የሚለው ለእኔም ተነቧል። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። ይህን በር ስቱኮ ቀቢ አጠገብ እንዳታደርሰው። ለስላሳ ጨርቅ በውኃና በጥቂት ሳሙና አርጥበህ ብቻ አብሰው፤ ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፎቶ አንሳው። ከጎን በሚመጣ ብርሃን የጠፋ ፊደል ይነሳል። አዲስ ቀለም በማንኛውም ጊዜ ይገዛል፣ ይህ ግን አንዴ ከተፋቀ አለቀ። እኔ በበኩሌ ቀለሙ የተጋጠበ እውነተኛ መኪና አንጸባራቂ ከሆነ ሐሰተኛ መኪና ይበልጥብኛል። የሚቃወመኝ ብዙ ነው፣ ይቃወመኝ።

የአጎትህ ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። እዚህ አካባቢ ብዙ ላንድ ሮቨር እስካሁን የሚሄደው የቶዮታ ሞተር ስለተገጠመለት ነው። ቤንዚን ይጠጣል የተባለውም እውነት ነው። 2,286 ሲሲ ሆኖ ጉልበቱ 70 ፈረስ አካባቢ ብቻ ነው፤ ዛሬ በዚያ ቤንዚን ሁለት እጥፍ የሚያወጣ ሞተር አለ። በየቀኑ ቡና ልትጭንበት ከሆነ አጎትህ ልክ ነው። ግን እንደዚያ አላልከኝም። የራሱ ሞተር ያለውን መኪና ሞተሩን ካወጣህበት፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አይገጥምም፣ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ጣጣ ይመጣል፣ ለሚሰበስብ ሰው ያለው ዋጋም ይወርዳል። መለዋወጫ ያሳስባችሁ ይሆናል። የዚህ ሞተር ዘር በሲሪስ ስሪም ላይ እስከ 1980ዎቹ በፈረንጅ ስለቀጠለ ዕቃው ዛሬም ይሠራል። እንግሊዝ አገር ከጓርኒሲዮን እስከ ሙሉ ሻንሲ አዲስ ይገኛል። አሮጌውን ደግሞ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ፈልግ፤ ዕቃውን በእጅህ ይዘህ ሂድ፣ በቃል ብቻ ብትነግራቸው ሌላ ነው የሚሰጡህ።

በብረት ዋጋ እገዛለሁ ላለው ሰው ለጊዜው አይሆንም በለው። ብረት አስቦ የመጣ ሰው የአካሉ አብዛኛው ክፍል አሉሚኒየም መሆኑን ያውቃል፤ አሉሚኒየም ከብረት ይወደዳል። ብረት ፈላጊ ሳይሆን ላንድ ሮቨር ፈላጊም ሊሆን ይችላል፣ ዋጋ ሊያወርድባችሁ ብቻ ብረት ይላል። ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ቤንዚንና ናፍጣ የሚነዳ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ይህን ሸጠህ በኋላ ቢቆጭህ ሌላ አምጥተህ አትተካውም። በ1928 መጀመሪያ አካባቢ አዲስ አበባ ላይ የተሠራችውን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን አስታውስ። ጣልያን ወስዷት ሙዚየም ውስጥ ስለቆየች ነው በ2016 ወደ አገሯ የተመለሰችው። እዚህ ቀርታ ቢሆን ድስት ሆና ነበር ስል እያማረርኩ ነው፣ ግን ውሸት አይመስለኝም።

ወረቀቱን አሁኑኑ ጀምር፣ ሞተሩን አትጠብቅ። ሊብሬው አሁንም በአያትህ ስም ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ መኪናው ለማን እንደሚሆን ሁሉም ፈርመው ይስማሙ። ከዚያ ነው ትራንስፖርት ቢሮ ስም ለማዛወር የሚኬደው። ሲመረምሩ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ያስተያያሉ፣ ለዚህ ነው ቁጥሩን ቀድመህ አጽዳ ያልኩህ። የሞተሩ ቁጥር ሞተሩ ብሎክ ላይ በስተግራ፣ ከጭስ ማውጫው ማሰሪያ አጠገብ ተቀጥቅጧል። እሱንም በጠመኔ አውጣውና ከሊብሬው ጋር አስተያየው። ከገጠመ፣ መጋዘን ያለው መኪና ሞተሩ ሳይለወጥ የቆየ ነው ማለት ነው። ካልገጠመ ከመቼ ጀምሮ እንዳልገጠመ አጎትህን ጠይቀው፤ የናፍጣውን ሐሳብ ሲያመጣ በጣም እርግጠኛ መስሎ ነበር።